ከሌለው አራተኛ ፎቅ ለከንቲባው የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ፎቲስ ካራቫሲሊስ
የፓሊዮስካላ ከተማ ከንቲባ፣ የበጋው ሲኒማ ባለአደራ፣ የአሳንሰሮችና የአጥሮች የበላይ ጠባቂ
ባሉበት

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋል? ወገብዎንስ ይይዝዎታል? እንዲህ በዝርዝር መጠየቄ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ እኔና ባለቤቴ ፖሊክሴኒ አሳንሰራችን በመሥሪያ ቤትዎ ከታሸገ ወዲህ ስለ ሰው ጉልበት አብዝተን የምናስብ ሰዎች ሆነናል። የእርስዎ ጉልበት ደህና ከሆነ ከልብ ደስ ይለናል፤ በእኛ ቤት ካሉት ጉልበቶች መካከል ግን ደህና ነው የሚባል የለም።

ማንነቴን ላስታውስዎ። አርጊሪስ ዴልቬናስ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በከተማችን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሰውን በደል በቁጥር እየከፋፈሉ በጨዋ ቋንቋ መጻፍ የኖርኩበት ሥራ ነው። ከሥራዬ ውጭ ደግሞ የፊልም ወዳጅ ነኝ። ሌላው ሰው ስለ እግር ኳስ እንደሚጣላ እኔ ስለ ዳይሬክተሮች ተጣልቻለሁ፣ ተኳርፌያለሁ፣ በሽማግሌም ታርቄያለሁ። ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ የቤቴ አቀማመጥ ነው፤ እርስዎም እንደሚያውቁት ‹አስቴሪያ› የተባለው የበጋ ሲኒማ የሚታየው ከበረንዳችን ሥር ባለው በአሮጌው የትምባሆ መጋዘን ጣሪያ ላይ ነውና፣ ተጋብተን ከገባንበት ቀን ጀምሮ በጋ በመጣ ቁጥር ከራት በኋላ ወንበራችንን አውጥተን መቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብን።

በዚህ ነገር ማንም ሌባ ብሎን አያውቅም። በሰፈራችን የታወቀ ውል አለ። ፊልሙ ሊጀምር ሲል የበረንዳ ሰዎች መብራት ያጠፋሉ፣ የተሰጣ ልብስ ያስገባሉ፣ ዓሣ አይጠብሱም፤ ሲኒማውም በበኩሉ ወደ ላይ አይመለከትም። በእረፍት ሰዓት ቅርጫታችንን በገመድ ወደ ጣሪያው እናወርዳለን፣ የመክሰሱ ባለቤት ስማራግዳ የአይብ ቂጣና የቼሪ ጭማቂ ትጨምርበታለች፣ ከዚያ እንስባለን። ፖሊክሴኒ ገመዱን ስትስብ ጭማቂው አንድም ጊዜ ፈሶባት አያውቅም፤ እኔ ስስብ ደግሞ ሳይፈስ ደርሶ አያውቅም።

ስለ ጣዕሜም በግልጽ ልናገር፤ ያለዚህ ቅሬታዬን ሊረዱልኝ አይችሉም። በእኔ አስተያየት ከዳይሬክተሮች ሁሉ የሚበልጠው የአገራችን ሰው ላዛሮስ ቬንዲስ ነው፤ ከፊልሞቹ ደግሞ ‹ጨው የሚመዝነው ሰው›። በሁለተኛ ደረጃ የማስቀምጠው ጣሊያናዊውን ቱሊዮ ብራንካሪን ነው፤ ሰው ሲበላ በደንብ መቅረጽ የቻለ ሌላ ዳይሬክተር አላየሁም። የሌሎቹ ተዋንያን ሹካ ይዘው ያወራሉ፤ የብራንካሪ ተዋንያን ግን ይበላሉ። ፖሊክሴኒ ደረጃውን ገልብጣ ብራንካሪን ከላይ ታደርገዋለች። «ሰዎቹ ይበላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ፤ ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አንተ ሰውዬ?» ትለኛለች። ሦስተኛው ፖላንዳዊው ዜኖን ኦርዝቬልስኪ ነው፤ እሱ አንድ ሰው በር ሲከፍት ለማሳየት በሚወስደው ጊዜ ሌላው ሰው አግብቶ ይፈታል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ በዚህ ምክንያት ዘንድሮ እንዴት እንደተቀጣሁ ወደ ታች እገልጻለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ።

አንደኛ፦ ስለ አሳንሰሩ።

መሥሪያ ቤትዎ ለሕይወታችን ተጨንቆ አሳንሰራችንን መርምሮ በቀይ ማሸጊያ ስላሸገልን እናመሰግናለን። የላኩልን ቴክኒሽያን ጨዋ ሰው ነበር። ሞተሩ ደህና ነው፣ ገመዱም ደህና ነው፣ ችግሩ ሕንጻው በመዝገብ ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ አሳንሰሩ አራተኛ ፎቅ መድረሱ ነው ብሎ አስረዳን። ወደሌለ ፎቅ ለሚወጣ አሳንሰር የደህንነት ምስክር ወረቀት መስጠት አይቻልም። ፖሊክሴኒ በስኒ ሳህን ባቀረበችለት የብርቱካን ልጣጭ ጣፋጭ አፉ እንደ ሞላ ነበር ይህን የነገረን።

«እናንተ እኮ በወረቀት የላችሁም እማማ» አላት።

«ከሌለን ታዲያ ይሄን የምትበላውን ማን አቀረበልህ ልጄ?»

«እሱንማ እኔም አልበላሁም» አለና ሳህኑን መለሰላት።

ፎቃችን እንዴት እንደ ተሠራ ማስታወስ ለእርስዎ ቤተሰብ አይከብድም። የተከበሩት አባትዎ ከንቲባ በነበሩበት የምርጫ ዓመት፣ እዚሁ መንገድ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ «ሥሩ! ወረቀቱ ይደርሳል!» ብለው ለሕዝቡ ሲናገሩ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ሠራን። ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ነው፤ ምናልባት እሱም ደረጃው ከብዶት ይሆናል። የሌለው ፎቃችን የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ በየወቅቱ እንደሚደርሰው ለመጠቆም ያህል ብቻ አነሳለሁ፤ ቆሻሻችን መኖሩን መቀበልዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሳንሰሩ ከታሸገ ወዲህ ፖሊክሴኒ የመንገድ አስፋልት አልረገጠችም። የዳሌዋ አጥንት ደረጃ አይችልም። እኔ በግድ እወርዳለሁ፤ ስመለስ ግን በየፎቁ እየተቀመጥኩ ስለሆነ ጎረቤቶቼ ለልመና የተቀመጥኩ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። ዳቦና መድኃኒት በመንገዱ በኩል ካለው የማድ ቤት መስኮት በቅርጫት ይወጣልናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ባሕር ዛፉ።

በመጋዘኑ ጓሮ የነበረውን ረጅም ባሕር ዛፍ ስላስቆረጡልን ደግሞ እናመሰግናለን፤ ይህኛው ምስጋና ግማሹ የእውነት ነው።

ያ ዛፍ ከእኔ ወንበር ሲታይ ፊልሙ የሚታይበትን ነጭ መጋረጃ ግራ ጎን ይጋርድ ነበር። እኔ ግን መጋረዱን አላውቅም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ስለ ተቀመጥኩ፣ የፊልም ግራ ጎን ጥቁርና ትንሽ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው ብዬ ለምጄዋለሁ። ‹ጨው የሚመዝነው ሰው› መጨረሻ ላይ የጨው ማምረቻው ሠራተኛ በሌሊት ወደቡ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ ለሚስቱ ያልተናገረውን ሁሉ ይናገራል። በእኔ ፊልም ውስጥ በግራ በኩል ማንም አልነበረም። ሰውየው ለጨለማ ነበር የሚናገረው፤ ሚስቱ ሄዳለች፣ እሱ ግን እንዳለች ሆኖ ይናገራል። በዚህ ምክንያት ነው ቬንዲስን ከሁሉ በላይ ያደረግሁት። ስለዚያ ባዶ ጎን በፀጉር ቤት ተናግሬያለሁ፣ በከተማው ጋዜጣ ላይ ጽፌያለሁ፣ በሰው ሠርግ ላይም ሙሽራው እስኪሰለቸው ድረስ አብራርቻለሁ።

የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ባለቤት ኪሞን ግን ሁልጊዜ፣ «አቶ አርጊሪስ፣ ሴትየዋ እኮ አለች! ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች!» ይለኝ ነበር። እኔም ፊልም ማየት የማይችል ሰው፣ የሚፈልገውን እንጂ ያለውን የማያይ፣ ሆድ የባሰው ወንደላጤ ብዬው አርፌያለሁ።

ዛፉ በተቆረጠበት በጋ ፊልሙ እንደገና መጣ። ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን እዚያው ቆማ ነበር። ንግግሩን ሰምታ ሲያበቃ ሻንጣዋን መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ፊልሙም በዚያው ያልቃል። ወደ ፖሊክሴኒ ዞርኩ፤ ያኔ ዓይኗ ገና ደህና ነበር።

«አየሻት?» አልኳት።

«እኔማ ከወንበሬ ሁሌም ትታየኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ!»

«የቬንዲስ ፊልም ደህና ፊልም ነው። የአንተ ግን ያስለቅስ ነበር» አለችኝ። «ምን ብዬ ላበላሽብህ?»

ቬንዲስን ተቀይሜ ወደ ሦስተኛ ደረጃ አወረድኩት፤ ኦርዝቬልስኪ እንኳን በለጠው። በኋላ አዘንኩለትና ወደ ቦታው መለስኩት። ኪሞንን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለከተማው ጋዜጣ ስለምልከው፣ እዚያ ሲያነበው እንደ ጠየቅሁት ይቁጠረው።

ሦስተኛ፦ ስለ እረፍት ሰዓቱ ሙዚቃ።

ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ባልጽፈው ግን ያንቀኛል። በእረፍት ሰዓት ከጥንት ጀምሮ የሚሰማው የሮዛ ካልዴሪ ‹ከጀልባው በኋላ› የተባለው አልበም ነበር፤ እሱም ሁለተኛው ገጽ። የመጀመሪያው ገጽ ለሚጨፍር ሰው ነው፤ ሁለተኛው ጨፍሮ ቤቱ ለተመለሰ። በሦስተኛው ዘፈን ላይ ሸክላው ተጭሮ አንድ ቦታ ኮሽ ይላል፤ እኛ ያንን ኮሽታ ከዘፈኑ ለይተን አናውቀውም፤ ሌላ ቦታ ያለ ኮሽታ ስንሰማው ሌላ ሴት የዘፈነችው ይመስለናል። ኪሞን ግን የመጀመሪያው ገጽ ይበልጣል ባይ ነው። የደም ግፊት ኪኒናችንን ቅርጫቱ ውስጥ ጨምሮ ከመንገድ ላይ ወደ መስኮታችን፣ «የመጀመሪያው ገጽ! የመጀመሪያው!» እያለ ይጮኻል፤ ግፊታችንን በኪኒናው ሊያወርደው ነው ወይስ በጩኸቱ ሊያወጣው ነው የሚያሰኝ ነው።

እርስዎ ይህን ጠብ አስቀሩልን። አሁን በእረፍት ሰዓት የሚሰማው የእህትዎ ልጅ ባንድ ያወጣው አልበም ነው። በሙሉ ልብ የምመሰክረው፣ አልበሙ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑን ነው፤ የትኛው ገጽ ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሰው ከእንግዲህ አይኖርም።

አራተኛ፦ ስለ አጥሩ።

ወደ ዋናው ደርሻለሁ፤ ብዕሬም እዚህ ላይ ወረቀቱን መብሳት ጀምሯል፤ ከአክብሮት የተነሳ ነው ብለው ይውሰዱልኝ።

በዚህ ዓመት በጋው ሲከፈት በመጋዘኑ ጣሪያ ጫፍ ላይ የብረት ምሰሶ አስተክለው፣ በረንዳችን ፊት ለፊት የቆርቆሮ አጥር ስላሳጠሩልን እናመሰግናለን። በለጠፉት ማስታወቂያ ላይ ምክንያቱ «የትኬቱን ክብርና የነዋሪዎችን ገመና ለመጠበቅ» መሆኑ ተገልጿል። ገመናችን በደንብ ተጠብቋል፤ ከእንግዲህ ነፋስ እንኳን አያየንም። በእኛ በኩል ባለው የቆርቆሮው ገጽ ላይ ደግሞ ባሕር ስላሳሉበት የተለየ ምስጋና ይገባዎታል። ሰማያዊ ነው፤ ወፎችም አሉበት፤ ከታች በኩል የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አለበት። ከዚህ በፊት ከሲኒማው በላይ በስተጀርባ እውነተኛው ባሕር ይታየን ስለ ነበር፣ ያለ ማኅተም ባሕር ስንመለከት መኖራችንን አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ነገር ግን እንደ አሮጌ የፍርድ ቤት ሰው ከነከነኝ። አጥሩ በሁለተኛው ፎቅ አልቆመም፤ በሦስተኛውም አልቆመም። ወጥቶ ወጥቶ በአራተኛው ፎቅ ከጭንቅላታችን በላይ ነው የቆመው። ክቡር ሆይ፣ አራተኛ ፎቅ ከሌለ ይህ ሁሉ ቆርቆሮ የተከለለው ከማን ነው? ካለስ አሳንሰሩ ስለ ምን ታሸገ? ጥያቄውን በቃል ለቴክኒሽያንዎ አቅርቤለት፣ «አጥር ሌላ ክፍል ነው፣ አሳንሰር ሌላ ክፍል ነው» ብሎኛል። አንዱ ክፍል እንዳንወርድ፣ ሌላው እንዳናይ ይሠራል ማለት ነው። ተግባብተው ቢሠሩ ኖሮ እንኳን እንዲህ አይሳካላቸውም ነበር።

አሁን ስለ ፖሊክሴኒ ዓይን ልንገርዎ። ካለፈው ክረምት ወዲህ የዓይኗ መሐል ጠፍቶ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ቀርቷታል። ፊቴን ቀጥ ብላ ስታየኝ የሚታያት ጆሮዬ ነው። ሐኪሙ በሚቀጥለው በጋ ጠርዙም ላይኖር እንደሚችል ነግሮናል። ስለዚህ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ፊልሙን እያየሁ ልነግራት ተስማምተን ነበር፤ እኔም ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። በጋው ሲከፈት አጥሩን አገኘነው። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ የለም። እሷ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እሺ፣ ምን ይታያል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ባሕር ይታየኛል ልበላት?

እየሰማሁ እፈጥርላት ጀመር። ብራንካሪ አላስቸገረኝም፤ ሳህን ይንኳኳል፣ ሰው ይሰድባል፣ በር ይዘጋል፣ የቀረውን ከልማድ እሞላለሁ። የኦርዝቬልስኪ ተራ ሲደርስ ግን ላብ አጠመቀኝ። ሰውየው ፊልሙን ‹በረዶው ሲጠብቅ› ብሎ ሰይሞ ለረጅም ጊዜ ማንንም አያናግርም። አንድ ቁራ ይጮኻል። ዝም። ውኃ ይንጠባጠባል። ዝም። «አሁንስ?» ትላለች ፖሊክሴኒ። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎተራው ገባ እላለሁ። ውኃ ይንጠባጠባል። «አሁንስ?» ሲጨንቀኝ አንዲት ነጭ ፍየል ከኮረብታው አወረድኩ። ፍየሏ በበረዶው ላይ ቀስ ብላ መጣች፣ ሽማግሌው በር ላይ ቆመች፣ እሱም በሩን ከፈተላት። ፖሊክሴኒ እጄን ጨበጠችኝ። ከደስታዬ የተነሳ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ፣ ከአጥሩ ማዶ ስማራግዳ በተቆጣ ሹክሹክታ ጠራችኝ።

«አቶ አርጊሪስ! ምን ፍየል ነው የሚያወሩት? ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች እርስዎን እየሰሙ ፍየሏን እየፈለጉ ነው እኮ! ፍየል የለችም!»

ፖሊክሴኒ ከወንበሯ ሳትነሳ መለሰችላት፤ «አለች! በደንብ ይዩ በያቸው!»

ኦርዝቬልስኪ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በባለቤቴ ዘንድ ሁለተኛ ሆኗል። እኔ የማውቀውን እሷም ታውቅ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም። ቆርቆሮው ቀን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ላይ እየመለሰልን፣ በተሳለ ባሕር ፊት፣ በሌለ ፎቅ ላይ፣ የሌለች ፍየል እያየን በጋውን ገፋነው። በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ ታፍነናል ክቡር ከንቲባ። ተዘግቶብናል።

አምስተኛ፦ ስለ ነጻ መግቢያው።

ለከተማው አረጋውያን የሚሰጠውን የክብር ነጻ መግቢያ ለእኔም ለባለቤቴም ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ካርዶቹ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተቀባ ነው። አማካሪዎ ይዞልን መጥቶ ነበር፤ ደረጃውን ሲያይ ግን ኪሞን ዘንድ ትቶት ሄደ፤ ከጨጓራ መድኃኒቴ ጋር በቅርጫት ወጣልን። በካርዶቹ ላይ ስማችን በትክክል ተጽፏል፤ አድራሻችንም እንዲሁ፦ «አራተኛ ፎቅ»። የፎቃችንን መኖር የሚመሰክር ሌላ የመንግሥት ወረቀት ስለሌለን በመስታወት ልናሰቅለው አስበን ነበር።

የዘንድሮው በጋ መዝጊያ ትናንት ማታ ነበር፤ ፊልሙ ደግሞ ‹ጨው የሚመዝነው ሰው›። ፖሊክሴኒ ይህን ከሰማች ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፦ ወርዳ፣ ሲኒማው ውስጥ ገብታ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ መቀመጥ። እዚያ ሆና ፊቷን ትንሽ ዞር ብታደርግ በተረፋት ጠርዝ ብርሃኑንና የሰዎቹን ጥላ እንደምታይ እርግጠኛ ነበረች። «ለመጨረሻ ጊዜ» አላለችም፤ እኔም አላልኩም።

መሥሪያ ቤትዎ ማሸጊያውን ለአንድ ምሽት ብቻ እንዲያነሳልን ለመንኩ። ለአንድ ምሽት መፍቀድ ፎቁን እንደ መቀበል ይቆጠራል የሚል መልስ ተሰጠኝ። ኪሞን ሰዎች ይዞ መጥቶ በወንበር ተሸክመን እናውርዳት አለ። እሷ ግን፣ «እንደ በዓል ሥዕል በትከሻ ይዘው ሊያዞሩኝ ነው? ገና አልሞትኩም! በእግሬ እወርዳለሁ» አለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች፣ የጆሮ ጌጥ አደረገች፣ ካርዶቹን በቦርሳዋ ያዘች፣ ክንዴን ይዛ ወረደች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር። በደረጃው መስኮት የሰዎች ወንበር ሲንቋቋ ይሰማ ነበር፤ ሰው እየገባ ነው። ብዙ ከቆየን በኋላ፣ «እንመለስ፤ ሳይጀምር እንድረስ» አለችኝ። ወጣን።

በረንዳው ላይ ባሕርዎ ፊት ተቀመጥን። ሙዚቃው ጀመረ። እኔ መናገር አቃተኝ። ፖሊክሴኒ ጥቂት ጠበቀችኝና፣ «ተወው፣ ዛሬ እኔ ልንገርህ» አለች።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። ፊልሙን በቃሏ ነው የምታውቀው፤ እኔም አውቀው ነበር፤ ግን እሷ የነገረችኝ ከዛፉ ጀርባ የነበረውን ነው፤ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም የእኔ ዓይን ከልማዱ ወጥቶ ወደ ግራ የዞረው ለመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነበር። «አሁን ሚዛኑን እየጠረገ ነው፤ ይሄን ታውቀዋለህ። በግራ በኩል ግን መስኮት አለ፤ እዚያ ሆና ታየዋለች። ፀጉሯን አሁን ነው የታጠበችው፤ ይንጠባጠባል። አሁን ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለሱ አስቀመጠች፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቷታል፣ አላየም። አንተም አላየህም።» ዕድሜዬን ሙሉ ስከራከርበት የኖርኩትን ፊልም ግማሹን ገና ትናንት ማየቴ ነው፤ ያውም በቆርቆሮ ላይ፣ ዓይኗ ከጠፋ ሰው አፍ።

መጨረሻው ደረሰ። ሰውየው ወደቡ ላይ ቆሞ መናገር ጀመረ። ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ መቆሟን እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ሰውየው ተናግሮ ጨረሰ፤ ሻንጣው መሬት ሲነካ በግልጽ ተሰማ።

«በግራ በኩል ማንም የለም» አለችኝ ፖሊክሴኒ።

«ማንም?»

«ማንም። አንተ እንዳልከው ነው።»

ስለ ፊልም ትክክል ነህ መባልን ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትናንት ማታ ግን ተሳስተሃል ብትለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አልተከራከርኳትም። ሰዉ ወንበሩን እያንቋቋ ሄደ፤ መብራቱ ጠፋ፤ እኛም ቁጭ ብለን ቀረን።

ስለዚህ ክቡር ከንቲባ፣ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ካለን አሳንሰሩ ይከፈትልን፤ ከሌለን አጥሩ ይነሳልን። ሁለቱንም ባንድነት መያዝ ለእርስዎም ከባድ ሸክም መሆኑን እረዳለሁ። በጋው እስኪመለስ ጊዜ አለዎት፤ የባለቤቴ ዓይን ግን እንደ እርስዎ ጊዜ የለውም።

በረጅም ዕድሜ፣ በብርቱ ጉልበትና በጥርት ባለ ዓይን አምላክ እንዲያኖርዎ እየተመኘሁ፣ ለሚያስቀምጡልን ማሸጊያ፣ ለሚያቆሙልን ቆርቆሮና ለሚስሉልን ባሕር ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ሐኪሜ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ፣ እጅ እየነሳሁ እሰናበታለሁ።

በመዝገብ የሌለው አገልጋይዎ
አርጊሪስ ዴልቬናስ
የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የአሁን የበረንዳ ተመልካች

ማሳሰቢያ፦ ሁለቱን የክብር ካርዶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ ለእርስዎና ለተከበሩት ባለቤትዎ ይሁኑ። ወደ ሲኒማው መግቢያ አይደለም፤ ወደ እኛ በረንዳ ነው። ጉልበትዎ ደህና ከሆነ በእግርዎ ይውጡ፤ የእኔን ወንበር ለእርስዎ፣ የፖሊክሴኒን ለባለቤትዎ አዘጋጅተናል። የትኛው ወንበር ይሻላል ብለው አይጨነቁ፤ በእርስዎ አስተዳደር ከሁለቱም እኩል ነው የሚታየው። ባለቤትዎ ግን «ምን ይታያል?» ብለው ሲጠይቁዎት የሚነግሯቸውን ከአሁኑ ቢያስቡበት ይሻላል፤ ፍየሏ የእኛ ናት።